«ቴዎድሮስ» የሚለው ስም እንዴት ተስፋፋ? እንዴትስ ይጠራል?



መምህር ክፍል ገብቶ የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ስም መጥራት ነው። ጠመኔ ሳያነሳ፣ የዕለቱንም ትምህርት ርእስ በሰሌዳው ላይ ሳይጽፍ የስም መዝገቡን ገልጦ ይጠራል፤ ልጆቹም «አቤት» ይላሉ። ነገሩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ስሙን ከእንግዳ ሰው አፍ ሲሰማ፣ ይህ አዲስ መምህር ያውቀው እንደሆነና እንዳልሆነ የሚፈርደው በዚያች ደቂቃ ነው። ስሙ ተጣሞ ሲጠራ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ ካልሆነም የተጣመመውን ስም እንደ ራሱ ስም ተቀብሎ ይቀራል።

ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ጃን አሞራ ትምህርት ቤቶች በምትወጡበት ጊዜ ይህ ጉዳይ ይገጥማችኋል። ስለሆነም በዚህ ዕትም አንድ ስም ብቻ መርጠን ከሥሩ እስከ ጫፉ እንመለከተዋለን። የመረጥነው ስም «ቴዎድሮስ» ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዛሬ በየክፍሉ የምናገኘው ይህ ስም ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በፊት በተራው ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ነበር፤ ታሪኩም የተለወጠው እዚሁ በእኛ አካባቢ፣ በደረስጌ ነው። ሁለተኛ፣ የስሙ አጠራርና አጻጻፍ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ዓይነት አልሆነም። አንዱ «ቴዎድሮስ» ሲል ሌላው «ቴድሮስ» ይላል፤ በሰፈር ደግሞ «ቴዲ» ነው። ታዲያ መምህሩ የትኛውን ይያዝ?

1. የስሙ ትርጉም

ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። ከሁለት ቃላት የተገጠመ ሲሆን «ቴዎስ» አምላክ፣ «ዶሮን» ደግሞ ስጦታ ማለት ነው። ተጋጥመው ሲነበቡ «የአምላክ ስጦታ» ይሆናሉ። ግሪኮቹ ለሴት ልጅ ሲያወጡት «ቴዎዶራ» ይላሉ፤ ሁለቱን ቃላት አገለባብጠው ሲገጥሟቸው ደግሞ «ዶሮቴያ» የሚል የሴት ስም ይወጣል። ትርጉሙ ያው ነው።

የስሙ ዘመዶችም በቤታችን ሞልተዋል። «ቴዎፍሎስ»ን እንመልከት፤ የአምላክ ወዳጅ ማለት ነው። «ጢሞቴዎስ»ም አምላክን የሚያከብር ማለት ነው። በሁለቱም ውስጥ «ቴዎ» የምትለዋን ክፍል እናገኛታለን። ይህችን ክፍል ልብ በሉ፤ ስለ አጠራሩ ስንነጋገር እንመለስባታለን።

በትርጉም ከሄድንም የራሳችን ስሞች አሉን። በግዕዝ «ሀብት» ሲባል ስጦታ ማለትም ነውና «ሀብተ ሥላሴ»፣ «ሀብተ ማርያም»፣ «ሀብተ ወልድ» የሚሉት ስሞች ከቴዎድሮስ ጋር በአሳብ ወንድማማቾች ናቸው። ከዕብራይስጥ የመጡት «ማቴዎስ» እና «ናትናኤል»ም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ናቸው። እንግዲህ አንድ እናት ልጇን «ስጦታው» ብትለው፣ ሌላዋ «ሀብተ ማርያም»፣ ሦስተኛዋ «ቴዎድሮስ» ብትለው ሁሉም የተናገሩት አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

2. ከደረስጌ በፊት

ስሙ ወደ አገራችን የገባው በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። በስንክሳር ውስጥ ቴዎድሮስ የሚባሉ ሰማዕታት አሉ። ጥር 12 ቀን ቴዎድሮስ ምሥራቃዊ፣ ሐምሌ 20 ቀን ደግሞ ሌላው የጦር አለቃ የነበረው ሰማዕት ቴዎድሮስ ይታሰባሉ። በድሮ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳም በፈረስ ላይ ተቀምጠው ከሚሳሉት ቅዱሳን መካከል ቴዎድሮስ ይገኝበታል። ስለዚህ ካህናቱ ስሙን ያውቁት ነበር።

በነገሥታቱም በኩል ቀዳማዊ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ነበር። የአፄ ዳዊት ልጅ ሲሆን የነገሠው እ.ኤ.አ. በ1413 እና 1414 መካከል ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ዘመኑ ቢያጥርም በሕዝብ ልብ ውስጥ ግን የማይገመት ቦታ አገኘ። «ፍካሬ ኢየሱስ» በሚባለው መጽሐፍ የሚነገረው ትንቢትም አለ። ከብዙ መከራ፣ ከረኀብና ከጦርነት በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፣ ፍትሕና ጥጋብ ሰላምም ይሆናል የሚል ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን በቆየበት ጊዜ ሕዝቡ ይህን ንጉሥ ተመልሶ ይመጣል ብሎ እንደሚጠባበቅ ሰምቶ በመጽሐፉ ጽፎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ስሙ የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን መታወቅና መጠሪያ መሆን ለየቅል ናቸው። በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ስመ ጥር የነበሩትን መሳፍንት እስቲ እንቁጠር፤ ራስ አሊ አሉላ፣ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ፣ ልጃቸው ብሩ ጎሹ፣ ብሩ አሊጋዝ፣ የውቤ ወንድም መርሶ፣ ካሣ ኃይሉ። ከነዚህ መካከል ቴዎድሮስ የሚባል አንድም የለም። የሰው ሁሉ ስም ከቤትና ከኑሮ የወጣ ነው። በትንቢት የሚጠበቅን ንጉሥ ስም ለልጅ ማውጣት ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም፤ «ንጉሥ ሊሆን ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም።

3. ደረስጌ፣ የካቲት 1847 ዓ.ም.

ካሣ ኃይሉ የቋራ ሰው ናቸው። «ካሣ» የሚለው ስም የሚወጣው ብዙ ጊዜ በፊት የሞተ ልጅ ወይም የጠፋ ነገር ሲኖር፣ የተወለደው ልጅ ለዚያ ማካካሻ ይሁንልኝ ሲባል ነው። «ምትኩ»፣ «ተተካ»፣ «ማስረሻ» የሚሉትም የዚሁ ዘር ናቸው። አማርኛ ስም ለማውጣት ሲነሣ የቤቱን ሐዘንና ደስታ በአንዲት ቃል ይናገራል። እንዲያውም ስሙን የሚያውቅ መምህር ስለ ልጁ ቤት ግማሹን አወቀ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን ትልቅ ሰው ስሙ አንድ ብቻ አልነበረም። እናትና አባት የሚያወጡት የዓለም ስም አለ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የሚሰጥ የክርስትና ስም አለ። ጦረኛው በፈረሱ የሚጠራበት የፈረስ ስም አለ። የነገሠ እንደሆነ ደግሞ የዙፋን ስም ይጨመራል። ካሣ በፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ነበሩ። የቀራቸው የዙፋኑ ስም ብቻ ነበር።

ያም ስም የወጣው በደረስጌ ነው። ስሜንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ያሠሯትም እርሳቸው ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው እንደነበረ ይነገራል። ነገሩ ግን እንዳሰቡት አልሆነም። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በየካቲት 1855) በተደረገው ውጊያ ካሣ ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው። ከውጊያውም በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያችው ለሌላ ሰው በተሰናዳችው ቤተ ክርስቲያን፣ በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዘውድ ጫኑ። ስማቸውም «ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተባለ።

ስሙን ለምን መረጡት? መልሱ ከላይ ከተገለጸው ትንቢት ጋር ይያያዛል። ከታወቀው የንጉሥ ዘር በአባት በኩል የማይቆጠር ሰው ዙፋን ላይ ሲወጣ «በምን መብት?» መባሉ አይቀርም። ስሙ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበር፤ ስትጠብቁት የኖራችሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። የዙፋን ስም መለወጡ ከእርሳቸው በኋላም ቀጥሏል። ካሣ ምርጫ አፄ ዮሐንስ፣ ሣህለ ማርያም አፄ ምኒልክ፣ ተፈሪ መኰንን ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለዋል። ከሕዝብ ጥበቃና ተስፋ ላይ በቀጥታ የተወሰደ ስም ግን እንደ ቴዎድሮስ ያለ ማግኘት ያስቸግራል።

4. ብርቁ ስም እንዴት ተለመደ?

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠውተው ሞቱ። ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል በነገሡበት ዘመን በጭካኔያቸው የተጎዳ ብዙ ነበርና ስሙ በዚያው ሰሞን እንደ ልብ የሚወጣ ስም ነበር ለማለት አይቻልም። ስሙን ያነሡት በኋላ የመጡት ትውልዶች ናቸው። የተነሣባቸውንም መንገዶች ለይተን ብናያቸው ይጠቅማል።

የመጀመሪያው መንገድ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነው። በንጉሡ ዘመን ዜና መዋዕል ከግዕዝ ወጥቶ በአማርኛ መጻፍ ስለ ጀመረ ታሪካቸው ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ሆነ። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ጸሐፊዎቻችን ተረባረቡበት። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ድራማ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጻፉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተውኔት አዘጋጅተውላቸዋል። ያነበበና በመድረክ ያየ ወጣት አባት ሲሆን ለልጁ ስሙን ቢመርጥ የሚገርም አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ትምህርት ቤት ነው። የታሪክ መጽሐፍ ዘመናዊት ኢትዮጵያን ብዙ ጊዜ ከ1847 ዓ.ም. ይጀምራል። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ ስሙን ከመምህሩ አፍ ይሰማዋል፤ የሚሰማውም ከአንድነትና ከሥልጣኔ ጋር ተያይዞ ነው።

ሦስተኛው የአደባባይ ስም ነው። በአዲስ አበባ የቴዎድሮስ አደባባይ አለ፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ አምሳያም እዚያው ቆሟል። በጎንደርም አውሮፕላን ማረፊያው በአፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። በየቀኑ የሚነሣ ስም ብርቅነቱ ይቀራል።

አራተኛው ደግሞ ስሙን የያዙ ታዋቂ ሰዎች ናቸው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ቴዎድሮስ ምትኩ፣ ድምፃዊው ቴዎድሮስ ታደሰ፣ ከነርሱም በኋላ የመጣው ቴዎድሮስ ካሳሁን (ቴዲ አፍሮ) ስሙን በየሬዲዮኑ አሰምተውታል። የመጨረሻውን ስም እስቲ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት። «ካሳሁን» ማለት «ካሣ ሁን» ማለት ነው። የደረስጌው ንጉሥ የዓለም ስማቸውና የዙፋን ስማቸው በአንድ ድምፃዊ ስም ላይ ሳይታሰብ ተገናኙ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ ሥራውን ለወጠ። ለካሣ ኃይሉ የዙፋን ጥያቄ ነበር። ዛሬ ልጁን ቴዎድሮስ የሚል ገበሬ ግን ንግሥና አይጠይቅም፤ ልጄ ደፋር ይሁን፣ ቃሉን የሚጠብቅ ይሁን ማለቱ ነው። ወይም ልጁ በጥር 12 ቀን ተወልዶለት ይሆናል። ወይም ደግሞ ስሙ ለጆሮው ጥሞት ብቻ ይሆናል። ይህም በቂ ምክንያት ነው።

5. እንዴት ይጠራል?

አሁን ወደ አጠራሩ እንግባ። በፊደል ስንቆጥር አምስት ናቸው፤ «ቴ» ኃምስ፣ «ዎ» ሳብዕ፣ «ድ» ሳድስ፣ «ሮ» ሳብዕ፣ «ስ» ሳድስ። በአፍ ስንጠራው ግን የምንረግጠው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ቴ – ዎድ – ሮስ። «ድ» የራሷ አናባቢ የላትም፤ ከፊቷ ባለችው «ዎ» ላይ ተደግፋ ትዘጋለች። «ስ»ም እንዲሁ «ሮ» ላይ ታርፋለች። የሚጠብቅ ፊደል በውስጡ የለም።

አንደኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ይህን ልዩነት አጥብቆ ይያዝ። ጀማሪ ልጅ «ቴ፣ ዎ፣ ድ፣ ሮ፣ ስ» ብሎ አምስቱንም እየነጠለ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ ከሚያውቀው ስም ጋር አልገጥም ይለዋል። የሳድስን ፊደል አንዳንድ ጊዜ ድምፅ አልባ መሆን ለማስተማር ከልጆቹ ከራሳቸው ስም የተሻለ ምሳሌ የለም። ስሙን በሰሌዳው ጽፎ፣ በጭብጨባ ሦስት ጊዜ እያስመታ ቢያስነብብ ልጁ ወዲያው ይገባዋል፤ ምክንያቱም ቃሉን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ግሪኩ በ«ድ»ና በ«ሮ» መካከል አናባቢ ነበረው፤ ቀረብ ያለው አጻጻፍ «ቴዎዶሮስ» በሆነ ነበር። ወደ ግዕዝ ሲገባ ያች አናባቢ ወደ ሳድስ ወረደችና ቴዎድሮስ ሆነ። በግብፅ ኮፕቶች አፍ ደግሞ «ታዋድሮስ» ይባላል፤ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ያሉት ፓትርያርካቸው በዚሁ ስም ይጠራሉ። ሩሲያውያን «ፊዮዶር»፣ እንግሊዞች «ቲዮዶር»፣ ስፓኞች «ቴዎዶሮ» ይሉታል። ይህን የምናነሣው «ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብሎ ለመከራከር አይደለም። አንድ ስም በሄደበት አገር ሁሉ የዚያን አገር ምላስ ይለብሳል፤ እኛም የራሳችንን አልብሰነዋል።

በራሳችንም አገር ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። በአፍ ስንቸኩል «ዎ» ትደክማለች። መጀመሪያ «ቴውድሮስ» ትሆናለች፣ ቀጥላም ጨርሳ ትጠፋና «ቴድሮስ» ይቀራል። ሦስቱ ምት ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ቴድ – ሮስ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ቴ»ን አሹሎ «ቲዎድሮስ» ይላል፣ ይጽፋልም። በትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ቴድሮስ» በሰፊው ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው የተመረጡት ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ስማቸውን የሚጽፉት ያለ «ዎ» ነው።

ታዲያ «ቴድሮስ» ስሕተት ነው? በቃል ታሪክ ብቻ ከሄድን፣ ቀደም ሲል ልብ በሉ ያልናት «ቴዎ» የአምላክን ስም የያዘችው ክፍል ናትና «ዎ» ስትወድቅ ትርጉሙ ይጎድላል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ስም መዝገበ ቃላት አይደለም። አባትየው «ቴድሮስ» ብሎ ያወጣው ከሆነ የልጁ ስም ቴድሮስ ነው፤ «ዎ» ጨምሮ ለማረም የተነሣ መምህር ያረመ መስሎት ስም ለወጠ። «ቴዎድሮስ» ብለው ያወጡትንም አሳጥሮ «ቴድሮስ» ብሎ መመዝገብ ያው ነው። አበው «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» የሚሉት ለዚህ ነው። ትምህርት ቤትም ጎረቤት ነው፤ የሚከተል እንጂ የሚያወጣ አይደለም።

«ቴዲ» የሚለው የቁልምጫ ስም ደግሞ ከነዚህ የተለየ ነው። ቁልምጫ የወዳጅ ነው። እናት «ቴዲዬ» ስትል ያምርባታል፤ በስም መዝገብ ላይ ግን ቦታ የለውም። መምህሩም ልጁ ሳይወድ በቁልምጫ ባይጠራው ይመረጣል።

6. ስም በባዕድ አፍ ሲወድቅ

የአጠራር ነገር ቀላል መስሎ ለሚታየው ሰው ከዚሁ ከደረስጌ ታሪክ ሳንወጣ አንድ ምሳሌ እናንሣ። አፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ድል ያደረጓቸውን የደጃዝማች ውቤን ልጅ፣ እቴጌ ጥሩወርቅን አገቡ። እ.ኤ.አ. በ1861 ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ስሙም ዓለማየሁ ተባለ፤ «ዓለም አየሁ» ማለት ነው። በዚህ ስም ውስጥ «የ» ይጠብቃል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «አለ» የምትለዋ ቃል ስትላላ ተናገረ፣ ስትጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት እንደምትሆነው ነው።  በፊደል ብቻ የተማረ እንግዳ በምን ያውቃል?

ከመቅደላ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የሰባት ዓመቱን ልጅ ከእናቱ ጋር ይዞት ሄደ። እናቱ በጉዞው ላይ ሞቱ። በእንግሊዝ አገር ስሙ «አላማዩ» ተብሎ ተጻፈ፤ አባቱም «ቲዮዶር» ተባሉ። ሞግዚት የሆነው ካፒቴን ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ በአገራችን ሰው አፍም የርሱ ስም ተለውጦ «ባሻ ፈለቀ» ተብሎ ነበር። ልዩነቱን እዩት። ስፒዲ ትልቅ ሰው ነው፤ «ፈለቀ» ሲባል ደስ እያለው አቤት ይላል፣ ሲፈልግም ወደ ስፒዲነቱ ይመለሳል። ልጁ ግን የሚመለስበት አልነበረውም። ከስፒዲ ተለይቶ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ስሙን እናቱ እንደጠራችው አድርጎ የሚጠራው ማን ነበር? በእ.ኤ.አ. 1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። ዓለምን አየሁ የተባለው ልጅ የራሱን አገር ዳግመኛ አላየም።

እኛ ያለንበት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የመጣ ሕፃን ከቤት ይዞት የመጣው ዋናው ነገር ስሙ መሆኑን አንርሳ።

7. የመምህሩ ድርሻ

በእኛ አገር የስም ስሕተት በአንድ ሰው ላይ አያበቃም። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመዝገብ ላይ የወደቀች አንዲት «ዎ» ነገ የልጁ ልጆች በሚጠሩበት የአባት ስም ላይ ትወድቃለች፤ ከነገ ወዲያም በአያት ስም ላይ።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን (አዋጅ ቁጥር 760/2004) ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለዱት ለብዙዎቹ የገጠር ልጆች ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም የሰፈረው በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ነበር። ዛሬም ቢሆን የልደት ምስክር ወረቀት ሳይዝ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። የ8ኛ ክፍል የፈተና ወረቀት «ቴዎድሮስ»፣ የ12ኛው «ቴድሮስ»፣ የፋይዳ መታወቂያው «ቲዎድሮስ» የሚል ከሆነ ልጁ ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው። አንድ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ከጃን አሞራ ደባርቅ፣ ከደባርቅም አልፎ እየተመላለሰ ገንዘብና ጊዜ ያጠፋል። የተሳሳተው መምህር ግን በዚያን ጊዜ ምናልባት ሌላ ወረዳ ተዛውሯል።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ሁሉ የሚከተሉትን ብትይዙ መልካም ነው፤

ሀ/ ስትመዘግቡ ጠይቁ። ወላጅ «ቴዎድሮስ» ሲል የሰማችሁት መስሏችሁ ብቻ አትጻፉ። የልደት ምስክር ወረቀት ካለ በእርሱ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ። ከሌለ የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ «እንዲህ ነው?» በሉ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ጆሮው አይሳሳትም።

ለ/ መጀመሪያ ልጁ ስሙን ይናገር፣ እናንተ ስሙ። ከዚያ እናንተ ስትሉት ልጁ ይፍረድ። ምን ይጠብቃል፣ ምን ይላላል የሚለውን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሐ/ በአንድ ክፍል ሁለት ቴዎድሮስ ሲኖሩ «ቴዎድሮስ አንድ፣ ቴዎድሮስ ሁለት» ወይም «ትልቁ፣ ትንሹ» አትበሉ። በአባት ስም ለዩአቸው። የአባት ስም የተጨመረው ለዚህ ነው።

መ/ እንግዳ የሆነ ስም ሲገጥማችሁ አትሣቁ፣ ክፍሉም እንዲስቅ አትፍቀዱ። ብርቅ የሆነ ስም ሁሉ ምክንያት አለው። ቴዎድሮስም አንድ ጊዜ ብርቅ ነበር።

ሠ/ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ችግሩ ይበዛል። አንዱ ከ«ቲ» ቀጥሎ «ኤች» ያስገባል፣ አንዱ «ደብልዩ»ን ይተዋል፣ ሌላው መጨረሻውን «ኤስ» ይደርበዋል። የቱን ምረጡ አንልም፤ ልጁ አስቀድሞ የተመዘገበበት ካለ ያንኑ ያዙ፣ ከሌለም አንዴ የተጻፈውን በየወረቀቱ አትለዋውጡ።

ረ/ ስሕተት ካያችሁ ያለፈው መምህር ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ልጁ ገና አራተኛ ክፍል ሳለ ለርእሰ መምህሩ ነግሮ ማስተካከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከፈተና በኋላ ግን ለወራት ያመላልሳል።

ለሠልጣኞች የቤት ሥራ

የምትለማመዱበትን ክፍል መዝገብ ተመልከቱ። ስንት ቴዎድሮስ፣ ስንት ቴድሮስ፣ ስንት ዓለማየሁ አለ? የተጻፈውና ልጁ በአፉ የሚለው ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? ከዚያም ከክፍሉ በጣም ብርቅ የሆነውን ስም መርጣችሁ ማን እንዳወጣውና ለምን እንዳወጣው ከልጁ ቤተሰብ ጠይቁ። ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ብታመጡ በሚቀጥለው ዕትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣዋለን፤ የልጆቹን የአባት ስም ግን እንዳትጽፉ።